የጥንቸልሽ አፍ ባዶ አይደለም

ልጄ፣ የላክሽልኝን የላቦራቶሪ ወረቀት አየሁት። የአራት ባክቴሪያ ስም ተዘርዝሮበታል፤ ግርጌው ላይ በእጅሽ «ጋሼ፣ ጥንቸላችን ታማለች ማለት ነው?» ብለሽ ጽፈሻል። አልታመመችም። በደንብ እንደምትበላ፣ ማታ ማታ ሳሎኑን እየዞረች እንደምትዘል፣ በጠጧም ደረቅና ክብ እንደሆነ በዚያው መልእክትሽ ነግረሽኛል። ወረቀቱ ላይ ያሉት ስሞች የጤነኛ ጥንቸል አፍ የዘወትር ነዋሪዎች ናቸው። ይህን በስልክ በሁለት ቃል ልነግርሽ እችል ነበር። ነገር ግን ነገ ሌላ ወረቀት ሲመጣ፣ ወይም የምር ስትታመምብሽ፣ የቱን መፍራት እንዳለብሽና የቱን እንዳትፈሪ ለይተሽ እንድታውቂ እፈልጋለሁ። በእንስሳት ሕክምና ባሳለፍኩት ዘመን፣ ባክቴሪያ ለማጥፋት ተብሎ በተሰጣቸው መድኃኒት የሞቱ ጥንቸሎች አይቻለሁና ዝም ማለት አልችልም።

1. ባክቴሪያ ተገኘ ማለት በሽታ ተገኘ ማለት አይደለም።

ከባክቴሪያ ነጻ የሆነ ጤነኛ አፍ የለም። በሰው አፍ ውስጥ ብቻ 700 የሚያህሉ ዓይነቶች ተለይተዋል፤ አንቺም እኔም ብዙዎቹን ተሸክመን ነው የምንውለው። በጤነኛ ጥንቸል አፍ ውስጥ ስትሬፕቶኮከስ፣ ናይሴሪያ፣ አክቲኖማይሲስና ፓስቱሬላ ይገኛሉ፤ አየር በማይደርስበት የድድ ሥር ደግሞ ፉሶባክቴሪየምና ፕሬቮቴላ አሉ። አንዱ ምላስ ላይ፣ ሌላው ጉንጭ ላይ፣ ሌላው በጥርስና በድድ መካከል ባለችው ጠባብ ስንጥቅ ይኖራል። ቦታውን ይዘው ስለተቀመጡ ከውጭ የሚመጣ እንግዳ ጀርም በቀላሉ አይተከልም።

ጉዳት የሚመጣው ከቦታቸው ሲወጡ ነው። ለዚህ ጥንቸልን ራሷን የሚመለከት አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1880 ጆርጅ ስተርንበርግ የተባለ የአሜሪካ ጦር ሐኪም፣ ኒው ኦርሊንስ ከተማ ውስጥ፣ ከገዛ አፉ ምራቅ ወስዶ ጥንቸሎችን ቆዳቸው ሥር ወጋቸው። ሰውየው ፍጹም ጤነኛ ነበር። ጥንቸሎቹ ግን በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ደማቸው ተመርዞ ሞቱ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ሉዊ ፓስተር ፓሪስ ውስጥ፣ በእብድ ውሻ በሽታ ከሞተ ሕፃን ምራቅ ተነሥቶ ያንኑ ባክቴሪያ አገኘ፤ ሁለቱም ግኝታቸውን እ.ኤ.አ. በ1881 አሳተሙ። ዛሬ ኒሞኮከስ የምንለው የሳንባ ምች ባክቴሪያ ነው። ስተርንበርግ አፉ ውስጥ ይዞት እየበላ እየጠጣ ይኖር ነበር፤ ያው ባክቴሪያ በመርፌ ቆዳ ሥር ሲገባ ገዳይ ሆነ። ስለ ጥንቸልሽ አፍ የምነግርሽ ነገር ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው። ነዋሪዎቹን በቦታቸው የሚያቆያቸው ጤነኛ ድድ፣ ያልቆሰለ ጉንጭና ልኩን የጠበቀ ጥርስ ነው። አንቺም መጠበቅ ያለብሽ እነዚህን ነው።

2. ዝርዝሩን ከማመንሽ በፊት ናሙናው እንዴት እንደተወሰደና እንደተሠራ ጠይቂ።

ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሆነውን ላሳይሽ። የጥጥ ዘንጉ ከአፏ ይወጣና የበግ ደም የተቀላቀለበት ቀይ የባክቴሪያ ማብቀያ (አጋር) ሳህን ላይ ይታሻል። ሳህኑ 37 ዲግሪ ሙቀት ባለው ሣጥን ውስጥ ያድራል። በማግስቱ ክዳኑ ሲነሣ ቀዩ ገጽ ላይ ጥቃቅን ነጠብጣቦች በቅለዋል። ከመርፌ ጫፍ እምብዛም የማይበልጡ፣ ዙሪያቸውን አረንጓዴ ጥላ ያጠላባቸው ካሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከስትሬፕቶኮከስ ወገን ናቸው። ለስለስ ያሉ፣ ግራጫ፣ በዙሪያቸው ያለውን ደም ሳይነኩ የተቀመጡ፣ የሻጋታ ዓይነት ሽታ ያላቸው ደግሞ ፓስቱሬላን ያስጠረጥራሉ። እነሱን ማኮንኪ በሚባለው ሌላ ሳህን ላይ ስትዘሪያቸው አይበቅሉም፤ ያ አንዱ መለያቸው ነው።

አሁን የጎደለውን አስቢ። ፉሶባክቴሪየምና ፕሬቮቴላ አየር ይገድላቸዋል። ጥጡ በተራ ቱቦ ሆኖ ግማሽ ቀን መንገድ ላይ ከዋለ፣ ሳህኑም አየር ባለበት ሣጥን ውስጥ ካደረ፣ እነሱ በዝርዝሩ ላይ አይወጡም። አፏ ውስጥ ግን አሉ። ስለዚህ ወረቀቱ የሚነግርሽ ጉዞውን ችለው ሳህኑ ላይ ስለበቀሉት ብቻ ነው። ዛሬ ዛሬ ባክቴሪያውን ሳያበቅሉ ዲኤንኤውን በቀጥታ የሚያነቡ ምርመራዎች አሉ፤ እነሱ እጅግ የረዘመ ዝርዝር ያወጣሉ። የዝርዝሩ መርዘም ግን ጥንቸሏን በሽተኛ አያደርጋትም።

በግልጽ ልንገርሽ፦ ደህና ሆና እያለች አፏን በጥጥ ማስመርመር ትርፉ ጭንቀት ነው። ያንን ገንዘብ አስቀምጪው። አንድ ቀን ለራጅ ያስፈልግሽ ይሆናል።

3. ፓስቱሬላ የሚለው ስም አያስደንግጥሽ።

ስሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1880 አካባቢ የዶሮ ኮሌራን ላጠናው ለፓስተር መታሰቢያ ነው። አባትሽ ከብት ያረባ ስለነበር ጎረርሳን ታውቂዋለሽ፤ ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ክትባቱን የሚሠራለት በሽታ ነው። እሱም የሚመጣው ከፓስቱሬላ መልቶሲዳ ነው። ይህን ስታነቢ እንዳትደነግጪ፣ የበሬ ጎረርሳን የሚያመጣው ዓይነትና በቤት ጥንቸል አፍንጫ ውስጥ የሚኖረው ዓይነት የተለያዩ ናቸው። ብዙ ጤነኛ ጥንቸሎች ፓስቱሬላን በአፍንጫቸውና በጉሮሯቸው ይዘው አንድ ቀን እንኳ ሳያስነጥሱ ያረጃሉ።

ባክቴሪያውን የሚያስነሣው ጭንቀት፣ መጨናነቅና መጥፎ አየር ነው። የሽንቷ ሣጥን ሳይጸዳ ሲቀር የሚወጣው ዓይን የሚያቃጥል ሽታ አሞኒያ ነው፤ የአፍንጫዋን ስስ ልባስ ይጎዳል፣ ያኔ ባክቴሪያው መንገድ ያገኛል። ጥንቸል የምትተነፍሰው በአፍንጫዋ ነውና አፍንጫዋ ሲዘጋ ጭንቅ ነው የሚይዛት። የሽንቷን ሣጥን በየቀኑ አጽጂ፣ መስኮት ክፈቺ። ነጭ ንፍጥ ካየሽ፣ ወይም የፊት እግሮቿ ውስጠኛ ጎን ጠጉር ከተጣበቀ፣ አፍንጫዋን ስትጠርግበት ነው የዋለችው፤ ሐኪም ያስፈልጋታል።

4. ጎንበስ ብላ ከገዛ ራሷ የምትበላውን አትከልክዪያት።

ይህ ለብዙ ሰው የሚያስጸይፍ ስለሆነ ልዘርዝረው። ጥንቸል ሁለት ዓይነት በጠጥ አላት። አንደኛው ቀን የምታይው ደረቁና ክቡ ነው። ሁለተኛው ለስላሳ፣ የሚያብረቀርቅ፣ በስስ ልባስ ተሸፍኖ በዘለላ የሚወጣ ነው፤ ይህንን አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ወይም ማለዳ ላይ፣ መሬት ሳይነካ፣ አፏን አስጠግታ ትውጠዋለች። ሴከም በሚባለው ትልቅ ከረጢት መሰል አንጀቷ ውስጥ ባክቴሪያዎች ሣሩን አብላልተው የሠሩት ፕሮቲንና የቢ ቫይታሚኖች ያሉት በዚህ ውስጥ ነው። ከለከልሻት ማለት ምግቧን ግማሽ መንገድ ላይ ነጠቅሻት ማለት ነው።

ኦሪት ዘሌዋውያን ጥንቸልን ከሚያመሰኩት ጋር እንደሚቆጥራት ታስታውሻለሽ፤ ሥጋዋን ቤታችን የማናስገባውም በዚያው ሕግ ነው። ላም የዋጠችውን ወደ አፏ መልሳ ታኝካለች። ጥንቸል ማስመለስ የማትችል እንስሳ ናት። ነገር ግን ያንኑ ምግብ ሁለት ጊዜ በሆዷ ታሳልፈዋለች፤ መንገዱ ይለያይ እንጂ ከሣር የቀረውን ጥቅም ለማግኘት የሚደረግ ነው።

ከአፍ ባክቴሪያ ጋር ያለው ግንኙነት ይኸውልሽ። በየሌሊቱ የአንጀቷ ነዋሪዎች በአፏ በኩል ያልፋሉ። ከአፏ በተወሰደ ናሙና ላይ የአንጀት ባክቴሪያ ስም ብታይ ንጽሕና ጎደላት አትበዪ። ግልገሎቿም ሲወለዱ የሚጀምሩት እንዲሁ ነው፤ እናቲቱ በቀን አንዴ ብቻ ለጥቂት ደቂቃ ታጠባቸዋለች፣ ጎጆው ውስጥ በጠጧን ጥላላቸው ትሄዳለች፣ እነሱም እየቀማመሱት የእናታቸውን ባክቴሪያ ይወርሳሉ።

መጨነቅ ያለብሽ በተቃራኒው ነው። ለስላሳው በጠጥ ሳይበላ ምንጣፍ ላይ ተጨፍልቆ ወይም መቀመጫዋ ላይ ተጣብቆ ካገኘሽው፣ ወይ የተቀነባበረ መኖና ጣፋጭ በዝቶባታል፣ ወይ ወፍራ መጎንበስ አቅቷታል፣ ወይ አፏን ወይም ወገቧን አሟታል።

5. ከሁሉ በላይ ድርቆሽ ስጪያት።

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ትይዣለሽ ብባል ይህን እንድትይዢ ነው የምፈልገው።

ጥንቸል 28 ጥርስ አላት። ከላይኛው የፊት ጥርሶቿ ኋላ ተደብቀው የሚቆሙ ሁለት ትናንሽ ጥርሶች አሉ፤ ከአይጥ ወገን የሚለዩዋት እነሱ ናቸው። ጥርሶቿ በሙሉ፣ መንጋጋዎቹም ጭምር፣ ዕድሜ ልኳን ያድጋሉ። የፊቶቹ በሳምንት 2 ሚሊ ሜትር ያህል ወይም ትንሽ በለጥ ያድጋሉ፤ በዓመት ሲሰላ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሆናል። ያደገው ሁሉ በየቀኑ መፈግፈግ አለበት። የሚፈገፈገው ደግሞ ሣር ስታኝክ ነው። ሣር በውስጡ ሲሊካ የሚባል ጠጣር ቅንጣት አለው፤ ጥንቸሏ ድርቆሽ ስታኝክ አስተውለሽ ከሆነ የታችኛው መንጋጋዋ በፍጥነት ወደ ጎን እየሄደ ይፈጫል። በዚያ ወፍጮ ጥርስ ከጥርስ ተፋጭቶ ልኩን ይጠብቃል።

በከረጢት የሚሸጠውን ድብልብል መኖ ስትበላ ግን መንጋጋዋ ወደ ላይና ወደ ታች ይጨፈልቃል፣ ጥቂት ጊዜ ያኝክና ይውጣል። ጎን ለጎን የሚደረገው ፍጭት ይቀራል። ወራት ሲያልፉ የታችኞቹ መንጋጋዎች ወደ ምላስ፣ የላይኞቹ ወደ ጉንጭ ሹል እሾህ ያወጣሉ። እሾሁ ምላሷን ወይም ጉንጯን ይቀድዳል። ቁስሉ ላይ እነዚያ በሰላም ይኖሩ የነበሩ ባክቴሪያዎች ይገባሉ። ጥርሱ ወደ አፏ ውስጥ ማደግ ሲያቅተው ሥሩ ወደ ኋላ ይገፋል፤ የታችኛው ወደ አገጯ አጥንት፣ የላይኛው ወደ ዓይኗ። በጥርሶቹ መካከል ክፍተት ይፈጠርና ምግብ ይሰገሰጋል፣ ድዱ ከጥርሱ ይላቀቃል፣ አየር የሚጠላው ፉሶባክቴሪየም የሚወደው ጥልቅ ኪስ ይከፈትለታል። እንግዲህ ባክቴሪያው አልተለወጠም፤ አዲስ ጀርም ከውጭ አልመጣም። የተለወጠው ቦታው ነው።

ስለዚህ ድርቆሽ ከፊቷ አይጥፋ። በየቀኑ ከሰውነቷ የማያንስ ክምር ይቅረብላት፤ ከምትበላው አብዛኛው፣ ከ80 በመቶ በላይ፣ እሱ ይሁን። አንቺ ያለሽበት ሜሪላንድ ቲሞቲ የሚባለው የሣር ድርቆሽ በየመደብሩ አለ። አልፋልፋ ለደረሰች ጥንቸል ካልሲየሙ ስለሚበዛ ለዘወትር አትግዢው። የሻገተ፣ አቧራው የሚያስነጥስ፣ ሽታው የተለወጠ ድርቆሽ መልሺ። ድብልብሉ መኖ ለአንድ ኪሎ ክብደቷ 25 ግራም ያህል በቀን ይበቃል። ቅጠላ ቅጠል ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ድርቆሽን አይተካም።

ካሮት በሥዕል መጽሐፍ የጥንቸል ምግብ ተደርጎ ቢሣልም ስኳሩ ብዙ ነው፤ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቁራጭ አልፎ አልፎ ትብቃት። ልጅሽ በበዓል ከድፎ ዳቦው እየቆረሰች እንዳታጎርሳት፤ ሙዝና ብስኩትም እንዲሁ። ስኳሩና ስታርቹ የአፏን ስትሬፕቶኮከስ አሲድ እንዲያመርት ያደርጉታል፣ ሴከሟ ውስጥ ያለውንም ሚዛን ያናጋሉ።

6. በቤት መሣሪያና በቤት መድኃኒት አፏን አትንኪ።

የፊት ጥርሷ ረዘመ ብለሽ በጥፍር መቁረጫ እንዳትቆርጪው። ሰዎች ያደርጉታል፣ ቀላልም ይመስላል። ጥርሱ ግን በቁመቱ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ እስከ ሕያው ሥጋው ሊደርስ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ባክቴሪያ እስከ ሥሩ የሚወርድበት መንገድ ተጠረገ ማለት ነው። ሐኪም የሚያሳጥረው በሚሽከረከር የጥርስ መሣሪያ ነው። ደግሞም የፊት ጥርስ መርዘም ብዙ ጊዜ የኋላዎቹ መበላሸት ምልክት ስለሆነ፣ መንጋጋዎቹ ሳይታዩ የፊቱን ብቻ አሳጥሮ መሸኘት ነገሩን ማዘግየት ነው።

የጥርስ ቡርሽ፣ የአፍ መጉመጥመጫ፣ ጨው፣ ሎሚ አያስፈልጋትም። ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጦ ድድ ላይ ማሸት የኛ ቤት ልማድ ነው፤ ለጥንቸል ግን ሽንኩርት በሙሉ፣ ነጩም ቀዩም፣ የደም ሴሎቿን የሚያፈርስ መርዝ ነው።

7. አፏን ከፍተሽ ሳይሆን ውጫዊ ምልክቷን አይተሽ እወቂ።

የጥንቸል አፍ ጠባብ ነው፤ ጉንጯም ወደ ውስጥ ስለሚታጠፍ መንጋጋዎቹን ቤት ውስጥ ማየት አትችዪም። ሐኪሟ እንኳ በትንሽ መብራት አይታ የምታገኘው ከፊሉን ነው፤ የቀረውን የምታገኘው በሰመመን አስተኝታ፣ ራጅ ወይም ሲቲ ስካን አንሥታ ነው።

ከውጭ ግን ብዙ ይታያል። አገጯ ሥር ያለው ጠጉር ረጥቦ ከሆነ ለሃጯ እየፈሰሰ ነው። አንድ ዓይኗ ካለቀሰ ወይም ነጭ ነገር ካወጣ፣ የእንባ ቧንቧዋ የሚያልፈው በላይኞቹ የፊት ጥርሶች ሥር አጠገብ ነውና ጥርሷን ጠርጥሪ። ወደ ምግቡ ሮጣ ሄዳ፣ አፏ ውስጥ አስገብታ፣ መልሳ ከጣለችው ርቧታል፣ ማኘክ ግን አሟታል። ድርቆሽ ትታ ለስላሳውን ብቻ ከመረጠች ያው ነው። በሳምንት አንዴ በሁለት ጣትሽ የታችኛውን መንጋጋዋን ጠርዝ ከጆሮዋ ሥር እስከ አገጯ ዳብሺ፤ በአንዱ ጎን ያለ ጉብታ በሌላው ጎን ከሌለ፣ ቀጠሮ ያዢ።

ከግማሽ ቀን በላይ ምንም ካልበላች ወይም በጠጥ ካልጣለች ግን ቀጠሮ አትጠብቂ። አንጀቷ ከቆመ በሰዓታት ውስጥ ትዳከማለች፤ ሌሊትም ቢሆን ይዘሻት ሂጂ።

8. እብጠቱ መግል ከያዘ፣ ማፍረጥ ብቻውን እንደማያድናት እወቂ።

የሰው መግል ይፈሳል። የጥንቸል መግል አይፈስም፤ ነጭ፣ ወፍራም፣ አይብ የመሰለ ነው። የነጭ የደም ሴሎቿ ኬሚካል ከኛ ስለሚለይ መግሉ አይቀልጥም። በዚያ ላይ ሰውነቷ ዙሪያውን ወፍራም ቅርፊት ይሠራበታል። ቢፈርጥ እንኳ ውስጡ የቀረው መልሶ ያብጣል። ስለዚህ ጥሩ ሐኪም እብጠቱን ከነቅርፊቱ ታወጣለች፣ መነሻ የሆነውን ጥርስ ትነቅላለች፣ የሞተውን አጥንት ትጠርጋለች። ወጪው ከፍተኛ ነው፣ ክትትሉም ወራት ይወስዳል፤ አስቀድመሽ እወቂው።

የባክቴሪያ ምርመራ ዋጋ የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። ናሙናው ከመግሉ መሐል ከተወሰደ ብዙ ጊዜ ምንም አይበቅልም፤ በመሐሉ ያሉት ሞተዋል። ሕያዎቹ ያሉት ቅርፊቱ ላይ ነው። «ናሙናው ከቅርፊቱ ይወሰድልን፣ አየር ለሚጠሉት ባክቴሪያዎችም ይዘራልን» ብለሽ ጠይቂ። ይህን ማለት ሐኪም መድፈር አይደለም።

ጌኦርግ ሽሞርል የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም፣ ሥጋቸው እየሞተ ያለቁ ጥንቸሎችን መርምሮ ክር መሰል ባክቴሪያ ማግኘቱን የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው፤ ዛሬ ፉሶባክቴሪየም ኔክሮፎረም እንለዋለን። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የጥንቸል እብጠት ሁሉ በፓስቱሬላ ይሳበብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የጥንቸል መንጋጋ እብጠት ጥናት ግን ፉሶባክቴሪየምን፣ ፕሬቮቴላን፣ አክቲኖማይሲስንና የስትሬፕቶኮከስ ሚለሪ ወገኖችን አገኘ፤ በሰው የድድ በሽታ ከሚገኙት ጋር የሚመሳሰሉ ናቸው። ከጥርስ ዙሪያ የሄዱ የአፏ ነዋሪዎች ናቸው ማለት ነው።

9. የሰው አንቲባዮቲክ በአፏ እንዳትሰጫት።

ይህን ስጽፍልሽ እጄን ጠንከር አድርጌ ነው። ከላይ ባልኩሽ የ2002 ጥናት ውስጥ፣ ሳህን ላይ የተሞከሩትን ባክቴሪያዎች በሙሉ የያዘው መድኃኒት ክሊንዳማይሲን ነበር። ይህንኑ ክሊንዳማይሲን ለጥንቸል በአፏ ብትሰጫት ልትገድያት ትችያለሽ። ሳህን ላይ የሚሠራና በጥንቸል ሆድ ውስጥ የሚሠራ መድኃኒት አንድ አይደለም።

የሚሆነው እንዲህ ነው። መድኃኒቱ ሴከሟ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይፈጃል። ቦታው ሲለቀቅ ክሎስትሪዲየም ስፒሮፎርሜ የተባለው ይባዛና መርዝ ያመነጫል። ጥንቸሏ ተቅማጥ ይይዛታል፣ ሰውነቷ ይቀዘቅዛል፣ በቀናት ውስጥ ትሞታለች። አሞክሳሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ በአፍ የሚወሰድ ፔኒሲሊን፣ ክሊንዳማይሲን፣ ሊንኮማይሲን፣ ኤሪትሮማይሲን እንዲሁም የሴፋሎስፖሪን ወገን የሆኑት በአፍ ሲሰጡ ሁሉም በዚህ ይከሰሳሉ። ፔኒሲሊንን ሐኪም በመርፌ ልትሰጣት ትችላለች፤ መንገዱ ሲለወጥ አደጋው ይቀንሳል። በአፍ ከሚሰጡት ውስጥ ኤንሮፍሎክሳሲንና ሰልፋ ከትራይሜቶፕሪም ጋር ለሆዷ የተሻሉ ናቸው። ግን ለሆድ የተሻለ ማለት ለእያንዳንዱ እብጠት ይሠራል ማለት አይደለም፤ አየር የሚጠሉትን በደንብ አይነኩም። ለዚህ ነው ምርጫው የሐኪሟ የሚሆነው።

እዚህ ላይ የኛን ቤት ልማድ ማንሣት አለብኝ። አገር ቤት አሞክሳሲሊን ያለ ሐኪም ወረቀት ከመድኃኒት ቤት ይገዛል፤ አሜሪካ ድረስም በሻንጣ ይመጣል፣ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፣ ልጅ ሲያስል ይወጣል። ለልጅ መስጠቱም ልክ አይደለም። ለጥንቸሏ ግን አንድ ማንኪያ እንኳ የሕይወት ጉዳይ ነው። ዘመድ ሊጠይቅሽ መጥቶ «ይቺን ስጫት፣ ለኔ ሠርታልኛለች» ቢልሽ አመስግነሽ ወደ መሳቢያው መልሺው። የሌሊት ድንገተኛ ክሊኒክ ስትሄጂም ገና ከመግባትሽ «ጥንቸል ናት» በዪ፤ ብዙዎቹ የለመዱት ውሻና ድመት ነው። የማይሰጧትን መድኃኒቶች ስም ጽፈሽ በመያዣ ቅርጫቷ ላይ ለጥፊው። በስሕተት ከተሰጣት፣ እስክትታመም አትጠብቂ፤ ያኔውኑ ለሐኪሟ ደውዪ። ሆዷን ለማስተካከል ብለሽ እርጎ አትስጫት፤ እርጎ የሷ ምግብ አይደለም።

ጤነኛ ሆና አፏ ውስጥ ባክቴሪያ ስለተገኘ ብቻ አንቲባዮቲክ የሚያዝልሽ ካለ፣ ሌላ ሐኪም ጠይቂ።

10. ልጅሽን አስተምሪያት፣ አታስፈራሪያት።

ጥንቸሏን ከነካች በኋላ እጇን ትታጠብ፤ አፏን አትሳም፣ ግንባሯን ትሳም። ከነከሰቻት ቁስሉን በብዙ ውኃና በሳሙና እጠቢው። በአንድ ቀን ውስጥ ከቀላ፣ ካበጠ፣ ከጠዘጠዘ፣ የሰው ሐኪም ዘንድ ውሰጃትና ጥንቸል እንደነከሰቻት ተናገሪ፤ ፓስቱሬላ ፈጥኖ የሚነሣ ነውና ሐኪሙ ይህን ማወቅ አለበት። ቤታችሁ ውስጥ የኬሞቴራፒ ሕክምና የሚወስድ፣ ስኳር የጸናበት ወይም የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ካለ፣ ለትንሽ ንክሻም ቢሆን ሐኪም ማማከር ይሻላል።

11. ክብደቷን መዝግቡ።

የጥርስ ሕመም ከእብጠቱ በፊት የሚታየው ሚዛን ላይ ነው። ይህን ሥራ ለልጅሽ ስጫት፤ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ትችላለች። የወጥ ቤቱን ሚዛን መሬት ላይ አስቀምጪ፣ ላዩ ላይ ጠርዙ ከፍ ያለ ሣጥን አድርጊ፣ ባዶውን መዝነሽ ዜሮ ላይ መልሺው፣ ጥንቸሏ ራሷ እንድትገባ ጥቂት ቅጠል ውስጡ ጣዪ። በየእሑዱ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ልጅቷ ቁጥሩን በግራም ደብተሯ ላይ ትጻፍ፤ ከጎኑ ድርቆሿን መጨረስ አለመጨረሷን፣ አገጯ ደረቅ ወይም እርጥብ መሆኑን ትጨምርበት። ቁጥሩ ሁለት እሑድ ተከታትሎ ከወረደ ለኔ አትጻፊልኝ፤ ደብተሩን ይዘሽ በቀጥታ ወደ ሐኪሟ ሂጂ፣ መንጋጋዎቿ በራጅ እንዲታዩም ጠይቂ።